ዥሙዳ የሚባል ተጫዋች አለ፦ ለስፖርት ፕሮግራም አዘጋጆች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለሬዲዮና ለቴሌቪዥን የስፖርት ፕሮግራም አዘጋጆች፣ ተንታኞችና የጨዋታ አስተላላፊዎች
ባላችሁበት

የተከበራችሁ አዘጋጆች፣

ጤና ይስጥልን። ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ አዲስ አበባ ውስጥ እሁድ እሁድ ጠዋት በአንድ የሰፈር ሜዳ የምንጫወት የጤና ቡድን ተከላካዮች ነን። በረኛውን ጨምሮ ሰባት ነን። ታናሻችን 38 ዓመቱ ነው። ታላቃችን፣ ሁላችንም ጋሼ የምንለው፣ 66 ሞልቶታል፤ አሁንም ሊብሮ፣ ማለትም ከሁሉም ኋላ የሚቆም ተከላካይ ሆኖ ይጫወታል። አጥቂዎቻችን ደብዳቤው ላይ እንዲፈርሙ ጠይቀናቸው ነበር። "እኛን ምን አገባን?" አሉ። እንደ ልማዳቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥቂት ሳምንታት በፊት አንድ የሬዲዮ ስፖርት ፕሮግራም የጥያቄ ውድድር አቀረበ። ስሙን አንጠራም፤ ራሱን ያውቃል። ጥያቄው "ሎታር ማቲያስ በ1998 ከመስበሩ በፊት፣ በዓለም ዋንጫ ብዙ ጨዋታ የመጫወትን ሪከርድ በጋራ ይዘው የነበሩት ሦስት ተጫዋቾች እነማን ናቸው?" የሚል ነበር። እኛ ከጨዋታ በኋላ ሻይ ቤት ተቀምጠናል። ታኬታችንን እንኳ አላወለቅንም። ጋሼ ስልኩን አነሳና ደወለ። መስመር ገባለት።

"ኡቬ ሲለር፣ ዲዬጎ ማራዶና፣ ቭዋዲስዋፍ ዥሙዳ። እያንዳንዳቸው 21 ጨዋታ" አለ።

አዘጋጁ ለአፍታ ዝም አለ። ከዚያ ሳቀ። "ማን አሉኝ አባቴ? ዥ... ምን?" አብሮት ያለውም ሳቀ። "ሦስተኛው ፔሌ ነው፤ ስለ ሙከራዎ እናመሰግናለን" ተባለና ስልኩ ተዘጋ። ቀጥሎ የደወለ ልጅ ፔሌ ብሎ ቲሸርቱን ወሰደ።

ጋሼ ሻዩን አልጨረሰም። ሂሳብ ከፍሎ ሄደ። እኛም ያን ቀን አጥቂዎቻችን ሙድ ሲይዙብን ዋልን።

ፔሌ በአራት ዓለም ዋንጫ የተጫወተው 14 ጨዋታ ነው። ቁጭ ብሎ መቁጠር ይቻላል። በ1958 አራት፣ በ1962 ሁለት፣ በ1966 ሁለት፣ በ1970 ስድስት። የፖላንዱ የዥሙዳም ይቆጠራል። በ1974 ሰባት፣ በ1978 ስድስት፣ በ1982 ሰባት፣ በ1986 አንድ። 21። ፖላንድ በሦስት ተከታታይ ዓለም ዋንጫ ያደረገችው 20 ጨዋታ ነው። ዥሙዳ ከሃያው አንዱም አላመለጠውም።

ቅሬታችን ግን ስለ ቲሸርቱ አይደለም። ስለ ሳቁ ነው። አንድ ሰው አራት ዓለም ዋንጫ ተጫውቶ፣ ሁለት ጊዜ ሦስተኛ ወጥቶ፣ ስሙ ሲጠራ ቀልድ የሚመስለው ለምንድን ነው? እኛ ምክንያቱን የምናውቅ ይመስለናል። ተከላካይ ስለሆነ ነው። ለብሔራዊ ቡድኑ 91 ጊዜ ተሰልፎ ያገባው ሁለት ጎል ብቻ ነው። እናንተ ደግሞ ታሪክ የምትነግሩን ጎል እየቆጠራችሁ ነው።

የ1974ቱን የፖላንድ ቡድን ስታነሱ የምትጠሯቸውን እናውቃለን። ላቶ፣ ሰባት ጎል፣ የውድድሩ ኮከብ ግብ አግቢ። ዴይና። ጋዶቻ። በረኛው ቶማሼፍስኪ፣ ሁለት ፔናሊቲ ያዳነው። ይገባቸዋል፤ አንቀናም። ግን ከቶማሼፍስኪ ፊት የቆሙት ማን ነበሩ? ከስምንት ወር በፊት ፖላንድ እንግሊዝን ዌምብሌይ ላይ 1 ለ 1 ይዛ ከዓለም ዋንጫ ስታስቀር፣ በመሀል የቆሙት ጎርጎኝና ቡልዛትስኪ ነበሩ። አሰልጣኙ ካዚሚየዥ ጉርስኪ ጀርመን ሲደርሱ ቡልዛትስኪን አስቀምጠው አንድ ልጅ አስገቡ። ልጁ ውድድሩ ሊጀመር አንድ ሳምንት ሲቀረው ነው 20 ዓመት የሞላው። ከሉብሊን የመጣ ነው። ያ ልጅ አርጀንቲናን፣ ጣሊያንን፣ ስዊድንን፣ ዩጎዝላቪያን ገጠመ። ቡድኑ ሁሉንም አሸነፈ። በደረጃው ጨዋታ ብራዚልን 1 ለ 0 ሲረቱም መረባቸው አልተነካም። ፊፋ የዚያን ዓመት ምርጥ ወጣት ተጫዋች ብሎ የመዘገበው እሱን ነው። አጥቂ አይደለም፤ የመሀል ተከላካይ። ይህን በየትኛው ፕሮግራማችሁ ሰማን? በአንዱም።

የተሸነፉበትንም ጨዋታ እናንሳ። ጁላይ 3 ቀን 1974፣ ፍራንክፈርት፣ ከምዕራብ ጀርመን ጋር። ዶፍ ወርዶ ሜዳው ኩሬ ሆነ። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሳይቀሩ ውሃውን በፓምፕ ሲስቡ ነበር። ጨዋታው ዘግይቶ ተጀመረ። ጀርመኖች አቻ ይበቃቸዋል፤ ፖላንዶች ለፍጻሜ ለማለፍ ማሸነፍ አለባቸው። ጌርድ ሙለር አንድ አገባ፣ አለቀ። ፖላንዶች እስከ ዛሬ "የውሃው ጨዋታ" ይሉታል። እናንተም ስታነሱት የምትሉት አንድ ነገር ነው፤ ፈጣኖቹ የፖላንድ ክንፎች ውሃው ያዛቸው። እውነት ነው።

ተከላካዩስ? እስቲ እኛን ጠይቁን። ክረምት ላይ የኛም ሜዳ እንደዚያ ነው። ኳስ ነጥራ ትመጣለች ብለህ እግርህን ታዘጋጃለህ። ውሃው ውስጥ ቀጥ ብላ ትቀራለች። አንተ አልፈሃታል፤ አጥቂው ደርሶባታል። ልዙር ስትል የቆምክበት እግር ይከዳሃል። ካልሲህ ውሃ ጠጥቶ አንድ ኪሎ ሆኗል። ሸርተቴ ከወረድክ የት እንደምትቆም አታውቅም፤ ሳጥን ውስጥ ከሆንክ ደግሞ ፔናሊቲ ነው። እንዲህ ባለ ሜዳ ላይ፣ በ20 ዓመት ዕድሜ፣ ሙለርን መግጠም። ሙለር 75 ደቂቃ ያህል ጎል አልነበረውም። ያንን 75 ደቂቃ ማንም አይተርከውም።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታ እንምጣ። በዚያው ፕሮግራም ላይ፣ የጥያቄው ዕለት ሳይሆን ሌላ ቀን፣ ስለ 1982ቱ የስፔን ዓለም ዋንጫ ሲወራ አንድ ተንታኝ የፖላንድንና የሶቪየት ኅብረትን ጨዋታ "የውድድሩ ቀሽም ጨዋታ፣ ዜሮ ለዜሮ፣ እንለፈው" ብሎ አለፈው። እኛ ማለፍ አልቻልንም።

ጨዋታው ጁላይ 4 ባርሴሎና ውስጥ ካምፕ ኑ ላይ ነበር። ከስድስት ወር ተኩል በፊት ጄኔራል ያሩዜልስኪ ፖላንድ ውስጥ ወታደራዊ አገዛዝ አውጀዋል። የሶሊዳርኖሽች ሠራተኞች ማኅበር መሪዎች ታስረዋል። ከጀርባ ሞስኮ እንዳለች ሁሉም ያውቃል። እንግዲህ በዚህ መሀል ነው እጣው ሁለቱን አገሮች አንድ ምድብ የጣላቸው። ስታዲየሙ ውስጥ የሶሊዳርኖሽች ጨርቅ የዘረጉ ደጋፊዎች ነበሩ። የፖላንድ አምበል ማን ነበር? ዥሙዳ። እጁ ላይ ያለችው ጨርቅ ያን ቀን ከአምበልነት በላይ ከብዳ ነበር ብለን እንገምታለን፤ ግምቱ የኛ ነው።

ሂሳቡን ደግሞ እዩት። ፖላንድ ቤልጂየምን 3 ለ 0 አሸንፋለች፤ ሦስቱንም ቦኒየክ ነው ያገባው። ሶቪየቶች ያው ቤልጂየምን 1 ለ 0 ነው ያሸነፉት። ስለዚህ በጎል ልዩነት ፖላንድ ትበልጣለች፤ አቻ ከወጣች ግማሽ ፍጻሜ ገባች። ኦሌግ ብሎኺን የሚመራው የሶቪየት አጥቂ ክፍል ደግሞ ጎል የግድ ነው። እንግዲህ ይህ ጨዋታ ለአጥቂ አሰልቺ ይሆናል እንጂ ለኛ ፊልም ነው። ዘጠና ደቂቃ አንዲት ስህተት አይፈቀድም። መጨረሻው ላይ ስሞላሬክ ኳሷን ይዞ ወደ ኮርነር ባንዲራው ሮጠ፤ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ቂጡን ገትሮ፣ ሰዓት ገደለ። ይህቺን ሁሉም ፖላንዳዊ ያስታውሳታል። አጥቂ እንኳ ያን ቀን ተከላካይ ሆነ። ዜሮ ለዜሮ አለቀ፤ ፖላንድ አለፈች።

ይህን ነው "እንለፈው" ያላችሁት።

በነገራችን ላይ ፖላንድ በዚያ ውድድር ሰባት ጨዋታ አድርጋ ሦስቱ ዜሮ ለዜሮ ነው ያለቁት። ከጣሊያን፣ ከካሜሩን፣ ከሶቪየት። ያቺው ጣሊያን በግማሽ ፍጻሜው በፓኦሎ ሮሲ ሁለት ጎል አሸነፈቻቸው፤ ቦኒየክ በካርድ አልነበረም። ከዚያ ፈረንሳይን 3 ለ 2 ረትተው ሦስተኛ ወጡ። ለዥሙዳ ሁለተኛው ሦስተኛ ደረጃ ሆነ። እዚህ ላይ ጋሼ የሚወዳት አንዲት ወሬ አለች። የፈረንጆቹ 1974 ላይ ሦስተኛ ወጣ። ሁለተኛው የሆነው በ1982 ነው፤ በኛ አቆጣጠር ሐምሌ 1974። "ሰውዬው ሁለት ጊዜ በ1974 ሦስተኛ ወጣ" ይላል ጋሼ። ይህችን እንኳ ለጥያቄ ውድድር ብታቀርቧት ያምርባችኋል።

የ1986ቱ አንዷ ጨዋታ ላይ የሚያጉረመርም እንደማይጠፋ እናውቃለን። ጥሎ ማለፍ ነው፤ ብራዚል 4 ለ 0 እየመራች ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀር ቦኒየክ ወጥቶ ዥሙዳ ገባ። የሲለርን 21 የደረሰባትም በዚያች ነው። በምርቃት አገኛት የሚል ካለ ይበል። እኛ የምንለው ግን ሃያዋን ማን መረቀው? ደግሞስ ተከላካይ ሆኖ 4 ለ 0 ሲሆን ግባ የተባለ ሰው ምን ዓይነት ምርቃት ነው ያገኘው?

የክለብ ሕይወቱን በአጭሩ፦ ከሽሎንስክ ቭሮትስዋፍ ጋር በ1977 የክለቡን የመጀመሪያ የሊግ ዋንጫ በላ። ከቪድዜፍ ውች ጋር ደግሞ ሁለት። በ1976 ሞንትሪያል ላይ የኦሊምፒክ የብር ሜዳሊያ አለው። በዚያ ዘመን የፖላንድ ተጫዋች ዕድሜው ሳይገፋ ውጭ ሄዶ እንዲጫወት አይፈቀድለትም ነበር። ዥሙዳ ጣሊያን የሄደው በ28 ዓመቱ፣ ከስፔኑ ውድድር በኋላ ነው፤ ለቬሮና። እዚያ ጉዳት ተጫወተበት። ከዚያ ኒውዮርክ ኮስሞስ፣ ከዚያ ክሬሞኔዜ። ቬሮና በ1985 የጣሊያን ሻምፒዮን ስትሆን እሱ ለቆ ሄዷል። የተከላካይ ዕድል ማለት ይሄ ነው።

"የድሮ ሰው ነው፣ ማን ያውቀዋል" እንዳትሉን፣ ሁላችሁም የምታውቁትን እንጥራ። ዉካሽ ፒሽቼክ። ዶርትመንድ። ሌዋንዶውስኪ ሪያል ማድሪድ ላይ አራት ያገባባትን የ2013ቷን ማታ ስንት ጊዜ ተረካችሁልን? የቀኝ ተመላላሹ ማን ነበር? በዚያ ዓመት የዳሌ ሕመም ይዞት እየተጫወተ ነው የጨረሰው፤ ከዌምብሌዩ ፍጻሜ በኋላ ቀዶ ጥገና ገባ። ይህ ሰው በልጅነቱ አጥቂ ነበር። በ2004 ከ19 ዓመት በታች የአውሮፓ ሻምፒዮና ላይ ከኮከብ ግብ አግቢዎች አንዱ ነው። በርሊን ሄርታ ውስጥ ወደ ኋላ አወረዱት። እሺ አለ። ከዚያ 11 ዓመት ዶርትመንድን አገለገለ፤ ሁለት ቡንደስሊጋ፣ ሦስት የጀርመን ዋንጫ። በ2021 የመጨረሻውን ዋንጫ አንስቶ ወዴት ሄደ? ዓረብ አገር አይደለም፤ ላደገባት ለጎቻውኮቪትሴ የሰፈር ክለብ ሊጫወት። እኛ የጤና ቡድኖች ይህን ስንሰማ ምን እንደተሰማን መገመት አያቅታችሁም።

ሌላው ቅሬታችን የስም ነገር ነው። ጋሼ "ዥሙዳ" ያለው በትክክል ነው። ፖላንዶች ስሙን የሚጀምሩት በኛው በ"ዥ" ነው። እንግሊዝ ለዚህች ድምፅ የራሱ ፊደል የለውም፤ እኛ አለን። "ሽ" አለን፣ "ች" አለን፣ "ኝ" አለን። ጎርጎኝ ለኛ አፍ እንደ "ደህና ነኝ" ቀላል ነው። ታዲያ በእንግሊዝ አፍ አዙራችሁ ዝሙዳ፣ ፒስዜክ፣ ጎርጎን የምትሉት ለምንድን ነው? አዘጋጁ የሳቀው በስሙ ነው፤ ስሙን ግን በአማርኛ ከመጻፍ የቀለለ ነገር አልነበረም።

ወደ ቤታችን እንመለስ። ከሰፈራችን የወጣ አንድ ልጅ ክለብ ገብቶ ይጫወታል፤ የመሀል ተከላካይ ነው። እናቱ ኳስ አታውቅም። ልጇ የተጫወተ ዕለት ግን ሬዲዮ ከፍታ ስሙን ትጠብቃለች። አሥራ አንድ ጨዋታ ጠበቀች። አልተጠራም። ቡድኑ ከአሥራ አንዱ በስድስቱ ጎል አልገባበትም። በአሥራ ሁለተኛው ፔናሊቲ አሰጠ። ያን ቀን ስሙ አራት ጊዜ ተጠራ። "ይህ ስህተት ከእንዲህ ዓይነት ተጫዋች አይጠበቅም" ተባለ። እናቱ ስሙን ስትሰማ እልል ልትል ነበር፤ እኛ ነን የነገርናት። ኳሷን መሀል ሜዳ ላይ አብዶ ልሥራ ብሎ ያስነጠቀውን አማካይ ግን ማንም አላነሳውም።

ይህ የናንተ ጥፋት ብቻ ነው አንልም። የምርጥ ተጫዋቹ ሽልማት ባሎንዶር ከ1956 ጀምሮ ሲሰጥ ያገኙት ተከላካዮች ቤክንባወር፣ ሳመርና ካናቫሮ ብቻ ናቸው። ፈረንጁም ያው ነው። ግን ፈረንጁን ደብዳቤ ብንጽፍለት አያነበውም።

ስለዚህ የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

መጀመሪያ፣ የጥያቄው መልስ በአየር ላይ ይታረም። ሲለር፣ ማራዶና፣ ዥሙዳ ተብሎ፣ ያለ ሳቅ። ቲሸርቱን ልጁ ይልበሰው፤ በጤና ይልበስ። ጋሼን ግን ስልክ ደውላችሁ ይቅርታ ጠይቁት። ቁጥሩ እናንተው ጋ አለ።

በወር አንድ ፕሮግራም ስለ ተከላካይና ስለ በረኛ ይሁን። ሙሉ ሰዓት አንልም። ሃያ ደቂቃ ይበቃናል፤ በማስታወቂያ ካልተቆራረጠ።

የጎል ቅንጭብ ስታሳዩ አንዲት የተመለሰች ኳስ ጨምሩበት። አንዲት ቴስታ፣ አንዲት ሸርተቴ። ተከላካይ ስትወቅሱም ኳሷ መጀመሪያ ከማን እንደተነጠቀች ተናገሩ። ዜሮ ለዜሮ ያለቀ ጨዋታ ላይ "አሰልቺ" ከማለታችሁ በፊት የደረጃ ሰንጠረዡን እዩ።

የተጫዋች ስም በአማርኛ ፊደል ጽፋችሁ ያዙ።

የምትጠራጠሩ ከሆነ እሁድ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ሜዳችን ኑ። ማሊያ እናዋሳችኋለን። ከኋላ እናሰልፋችኋለን። ዝናብ ቢዘንብ የተሻለ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣

የእሁድ ጠዋት የጤና ቡድን ተከላካዮችና በረኛ
በስማቸው፦ የቡድኑ ጸሐፊ፣ ስቶፐርና ኳስ ተሸካሚ

ግልባጭ፦
ለጋሼ (ሻዩ ተከፍሏል)
ለቡድናችን አጥቂዎች፣ እንዲያውቁት